የአንድ ወንዝ ሦስት ስሞች፦ ሴንቁ፣ ጋሪፕ፣ ኦሬንጅ

ለታሪክና ለጂኦግራፊ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።



የአፍሪካን ደቡባዊ ክፍል የሚያሳይ ካርታ ዘርግተን ከሌሶቶ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወርደውን ወንዝ በጣታችን ብንከተለው አትላንቲክ ውቅያኖስ ያደርሰናል። ውሃው አንድ ነው፤ ስሙ ግን አንድ አይደለም። በምንጩ ዙሪያ የሚኖሩት ባሶቶዎች ሴንቁ ይሉታል። ከመካከለኛው ክፍሉ እስከ ባሕሩ ድረስ ለብዙ ዘመን መንጋቸውን ሲያጠጡበት የኖሩት ኮይኮዮች ጋሪብ ብለውታል፤ ይህ ስም በሌሎች አንደበት ጋሪፕ ሆኗል። በትምህርት ቤት የምናውቀው ካርታ ደግሞ ኦሬንጅ ይለዋል።

ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ከሦስቱ ስሞች ትክክለኛው የትኛው ነው የሚል ክርክር ለመክፈት አይደለም። አንድ ስም የት፣ መቼና በማን እንደወጣ ሲታወቅ ስሙ ራሱ እንደ ታሪክ ሰነድ ሊነበብ እንደሚችል ለማሳየት ነው። በዚህ ወንዝ ላይ ስም ማውጣት ወሰን ማስመርን አስከትሏል፤ ወሰን ማስመርም ውሃውንና በውሃው ዳር ያለውን ሀብት የማን ነው ወደሚል ጥያቄ አድርሷል። ጥያቄው እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ምድሩና ውሃው

ወንዙ የሚነሣው በሌሶቶ ከማሎቲ ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ካለ ሥፍራ ነው። ይህ ሥፍራ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚርቀው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የድራከንስበርግ የተራራ ሰንሰለት ምሥራቁን ስለሚዘጋበት፣ ወንዙ ቅርቡን ባሕር ትቶ ወደ ምዕራብ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና አትላንቲክ ይገባል። ተፋሰሱ ወደ 1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ሌሶቶን፣ ደቡብ አፍሪካን፣ ናሚቢያንና ቦትስዋናን ይነካል።

የዚህ ተፋሰስ ዋነኛ ጠባይ የዝናቡ መዛባት ነው። በሌሶቶ ከፍተኛ ቦታዎች በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚጥልባቸው አካባቢዎች አሉ። ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት ዳርቻ ግን የዓመቱ ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በመሆኑም ወንዙ ትልቁ ገባሩ ከሆነው ከቫል ጋር ከተገናኘ በኋላ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከሚጨመርለት የሚቀነስበት ይበዛል። ከቦትስዋና ወገን የሚመጣው ሞሎፖ በአሸዋ ክምር ታግዶ ውሃው ዛሬ ከዋናው ወንዝ አይደርስም። ሌሶቶ በአንጻሩ ከተፋሰሱ ስፋት 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዛ ከወንዙ ውሃ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ታመነጫለች። ይህን ቁጥር በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በውሃው ዳር የወጡ ስሞች

በኮይኮዮች ቋንቋ ጋሪብ ማለት ወንዝ ማለት ነው። ሌላ ማብራሪያ የለውም። በስሙ መጀመሪያ ላይ የምላስን ጫፍ ከላንቃ በማላቀቅ የሚፈጠር፣ ቡሽ ከጠርሙስ ሲነቀል የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ አለ። አውሮፓውያን ፊደል የሌላቸውን እነዚህን ድምፆች ለመጻፍ ሲቸገሩ ቆይተው፣ በኋላ የቋንቋ አጥኚዎች ለዚህኛው የቃለ አጋኖን ምልክት እንደ ፊደል ወሰኑለት። ጋሪፕ የሚለው አጻጻፍ የመጣው ይህ ድምፅ ከወደቀ በኋላ ነው።

ወንዙን በቀላሉ «ወንዝ» ብሎ መጥራት የአሳብ ድህነት ምልክት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ደረቅ በሆነ ምድር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውሃ አንድ ብቻ ሲሆን ከሌላ የሚለይበት ተጨማሪ ስም አያሻውም። ስሙን ያወጡት ሰዎች ቆመው የሚያዩት ከዳሩ ነው፤ ወደዚያ የሚመጡትም ውሃ ለመቅዳትና ከብት ለማጠጣት ነው።

ሴንቁ የሚለው የባሶቶዎች ስምም በሴሶቶ አነጋገር የምላስ ድምፅ አለበት። ይህ ዓይነቱ ድምፅ የባንቱ ቋንቋዎች ጥንታዊ ንብረት እንዳልሆነና የደቡብ አፍሪካ ባንቱ ቋንቋዎች ከነባር ጎረቤቶቻቸው ጋር በመኖር የወረሱት እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ስለዚህ የወንዙ ምንጭ ላይ የምንሰማው ስም ባሶቶዎች ብቻቸውን እንዳልኖሩ፣ ከእነርሱ በፊት በተራራው ላይ የነበሩ አዳኝ ሕዝቦች ድምፅ በአንደበታቸው እንደቀረ ይመሰክራል።

ሌሎቹን ስሞች ብናይም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በአሁኑ ሰሜን ኬፕ ክፍለ ሀገር ወንዙ ከ56 ሜትር ከፍታ የሚወረወርበት ፏፏቴ አውግራቢስ ይባላል፤ ይህ ከኮይኮዮች ቋንቋ የመጣ ሲሆን ታላቅ ድምፅ ያለበት ሥፍራ ማለት ነው። በ1824 እንግሊዛዊው ተጓዥ ጆርጅ ቶምሰን ፏፏቴውን በንጉሥ ጆርጅ ስም ሰይሞት ነበር፤ ስያሜው ግን አልጸናም። ቫል የተባለው ገባር ስሙን ያገኘው ከደች ሲሆን ፍችው ደብዛዛ ወይም ዳለቻ መልክ ያለው ማለት ነው። ይህም ኮይኮዮች ስለ ውሃው መልክ ያወጡት ስም ትርጉም ነው።

እንግዲህ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ አንዱ ነባር ስም ሲተረጐም፣ ሌላው ድምፁን አጥቶ ሲቀር፣ ሦስተኛው ጨርሶ ሲተካ እናያለን። የተተካው የዋናው ወንዝ ስም ነው። አሁን ወደዚያ እንሂድ።

ነሐሴ 1779

የኔዘርላንድስ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1652 በኬፕ የመርከቦች ማረፊያ ካቋቋመ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ይህ ወንዝ ከሰፋሪዎቹ እይታ ውጭ ነበር። በ1760 ያኮቡስ ኩትሴ የተባለ ዝሆን አዳኝ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ዘለቀ፤ ከአውሮፓ ተወላጆች ወገን መሻገሩ በጽሑፍ የተመዘገበለት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ሰፋሪዎቹ ወንዙን በራሳቸው ቋንቋ «ታላቁ ወንዝ» ይሉት ነበር። ይህም ከነባሩ ስም ብዙም የራቀ አልነበረም።

ከ1775 ጀምሮ ሄንድሪክ ያኮብ ቪካር የተባለ ስዊድናዊ በቁማር ዕዳ ምክንያት ከኩባንያው አገልግሎት ኮብልሎ በወንዙ ዳር ባሉ ሕዝቦች መካከል ኖረ። በ1779 ምሕረት እንዲደረግለት ሲል ያየውንና የሰማውን ጽፎ ለኬፕ ገዥ አቀረበ። ጽሑፉ ስለ ወንዙ ሕዝቦች ከተጻፉት ቀደምት ምስክርነቶች አንዱ ነው። ቪካር የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም በጥንቃቄ የመዘገበው ኑሮው በእነዚያ ሰዎች በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ስለነበረ ጭምር ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ ሮበርት ያኮብ ጎርደን ወንዙ ከባሕር ከሚገናኝበት ቦታ ደረሰ። ጎርደን ከስኮትላንድ በመጣ ቤተሰብ በኔዘርላንድስ የተወለደ፣ በኬፕ የኩባንያው የጦር መኮንን፣ በኋላም የጦር ሰፈሩ አዛዥ የሆነ ሰው ነው። ዕፀዋት ሰብሳቢው ስኮትላንዳዊ ዊልያም ፓተርሰን አብሮት ነበር። ጀልባ ወደ ውሃው አስገቡ፤ የኔዘርላንድስን ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ለኦሬንጁ ልዑል ጤና ጽዋ አነሡ፤ ወንዙንም በልዑሉ በአምስተኛው ዊልያም ስም ኦሬንጅ ብለው ሰየሙት። ስለዚህ ስሙ ከብርቱካንም ሆነ ከደለላማው ውሃ ቀለም የመጣ አይደለም።

ይህን ድርጊት በጥሞና እንመልከተው። ጎርደን የኮይኮዮችን ቋንቋ የሚናገር፣ ስለ ሕዝቦቹ ልማድ በትጋት የመዘገበ ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊትም የወንዙን የላይኛውን ክፍል አይቷል። ነባሩን ስም ስላላወቀ ነው ልንል አንችልም። ሰንደቅ መስቀል፣ ጽዋ ማንሣትና ስም ማውጣት በዚያ ዘመን በአውሮፓ መንግሥታት ዘንድ ይገባኛል የማለት ሥርዓት ነበር፤ የተነገረውም ለወንዙ ሰዎች ሳይሆን በሌላ ባንዲራ ለሚመጡ መርከቦች ነው። ሥርዓቱ የተፈጸመው ከባሕሩ ዳር መሆኑም እንዲያው አጋጣሚ አይመስለኝም። ባሶቶዎች ወንዙን ከተራራ፣ ኮይኮዮች ከዳሩ ሆነው ሲያዩት፣ ጎርደን ከመርከበኛ አንጻር አየው።

ስሙ ራሱም ረጅም መንገድ መጥቷል። ኦሬንጅ በደቡባዊ ፈረንሳይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በሮማውያን ዘመን አራውሲዮ ትባል ነበር፤ ይህም ከኬልቶች የውሃ አምላክ ስም እንደመጣ ይነገራል። የከተማዪቱ ልዑልነት በውርስ ለኔዘርላንድሱ ቤት ደረሰ። በ1713 ግን ከተማዪቱ በኡትሬክት ውል ለፈረንሳይ ተሰጠች፤ ለልዑላኑ የቀራቸው ማዕርጉ ብቻ ነበር። ስለዚህ በ1779 አፍሪካዊው ወንዝ የተሰየመው ባለቤቶቹ ራሳቸው ባጡት አገር ስም ነው።

ከ16 ዓመት በኋላ የሆነውንም ላክልበት። በ1795 ፈረንሳዮች ኔዘርላንድስን ሲይዙ አምስተኛው ዊልያም ወደ እንግሊዝ ሸሸ፤ ከዚያም ሆኖ ቅኝ ግዛቶቹ ለእንግሊዝ በራቸውን እንዲከፍቱ ደብዳቤ ጻፈ። በመስከረም ወር ኬፕ ለእንግሊዝ ሠራዊት እጁን ሰጠ። አዛዡ ጎርደን በሚቀጥለው ወር የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ልዑሉ ተሰደደ፤ ሰያሚው ሞተ፤ ኩባንያውም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፈረሰ። ስሙ ግን ጸና፤ አዲሶቹ ገዥዎች የተሠራውን ካርታ ተረክበዋልና።

ስሙ ከውሃው ወደ መሬቱ

በታኅሣሥ 1847 የኬፕ ገዥ ሰር ሃሪ ስሚዝ የቅኝ ግዛቱ ሰሜናዊ ወሰን ይህ ወንዝ እንዲሆን አወጀ። በወንዙና በቀድሞው ወሰን መካከል የነበሩ ሕዝቦች በአንድ አዋጅ የእንግሊዝ ተገዥዎች ሆኑ። በየካቲት 1848 ደግሞ በኦሬንጅና በቫል መካከል ያለው ምድር የኦሬንጅ ወንዝ ሉዓላዊ ግዛት ተብሎ ታወጀ። በ1854 እንግሊዝ ለቅቃ ስትወጣ ቦታው የቦሮች ሪፐብሊክ፣ ኦሬንጅ ነጻ መንግሥት ሆነ። በ1900 እንግሊዝ እንደገና ስትይዘው የኦሬንጅ ወንዝ ቅኝ ግዛት ተባለ፤ በ1910 የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ሲመሠረት ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ፣ በ1995፣ ክፍለ ሀገሩ ኦሬንጅ የሚለውን ትቶ ነጻ መንግሥት የሚለውን ብቻ አስቀረ። የልዑሉ ስም ከውሃው ወደ መሬቱ ወጥቶ ከ140 ዓመት በላይ ከኖረ በኋላ እንደገና በውሃው ላይ ብቻ ቀረ።

ይህ የስም ለውጥ ዝርዝር ለባሶቶዎች የመሬት ታሪክ ነው። ከሌሶቶ ምዕራብ የሚወርደውን ገባር እነርሱ ሞሆካሬ ይሉታል፤ በካርታ ላይ ግን ከ1809 ጀምሮ በአንድ የኬፕ ገዥ ስም ካሌዶን ተብሏል። ንጉሥ ሞሽዌሽዌ ከኦሬንጅ ነጻ መንግሥት ጋር በ1858ና ከ1865 ጀምሮ በተደረጉት ጦርነቶች ከዚህ ወንዝ ማዶ የነበረውን ለም የእርሻ መሬት አጣ። በ1868 ሕዝቡን ከመጥፋት ለማዳን የእንግሊዝን ጥበቃ ተቀበለ። በ1869 በአሊዋል ኖርዝ የተደረገው ስምምነት ካሌዶንን የድንበሩ ዋና ክፍል አደረገው። ለባሶቶዎች ሞሆካሬ በአገራቸው መካከል የሚያልፍ ወንዝ ነበር፤ ካሌዶን ግን አገራቸው የሚያበቃበት መስመር ሆነ። ተራራው ቀረላቸው፤ ከተራራውም ጋር የሴንቁ ምንጭ።

የሰሜኑ ዳር

በሐምሌ 1890 እንግሊዝና ጀርመን የሄልጎላንድና የዛንዚባር ውል ተብሎ የሚታወቀውን ስምምነት ተፈራረሙ። የጀርመን ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ደቡባዊ ወሰን ከወንዙ መድረሻ ተነሥቶ የወንዙን ሰሜናዊ ዳር ይዞ እስከ 20ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ መስመር እንዲሄድ ተስማሙ። ልብ በሉ፤ በወንዞች ላይ ድንበር ሲሰመር የተለመደው የውሃውን መካከል መያዝ ነው። እዚህ ግን መላው ወንዝ ለአንድ ወገን ተሰጠ። በዚህ ውል ቃል መሠረት ከሰሜኑ ዳር ጎንበስ ብሎ ውሃ የሚቀዳ ሰው የሌላ አገር ውሃ ይቀዳል። በሁለቱም ዳር ይኖሩ የነበሩት ናማዎች ስለዚህ ነገር አልተጠየቁም።

የዚህ ግዛት ታሪክ ከአገራችን ጋር የሚገናኝበት አንድ ምዕራፍ አለው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ግዛቱን በሞግዚትነት ለደቡብ አፍሪካ ሰጥቶ ነበር። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ የማኅበሩ አባላት የነበሩ አፍሪካውያን መንግሥታት በመሆናቸው፣ ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን ወደ ግዛቱ በማስገባት የሞግዚትነት ግዴታዋን ጥሳለች ሲሉ በኅዳር 1960 በዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሷት። ፍርድ ቤቱ በ1962 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ከወሰነ በኋላ፣ በሐምሌ 1966 የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ በጉዳዩ የሕግ መብት የላቸውም ሲል ክሱን ውድቅ አደረገ። ሽንፈቱ ግን መልሶ አገለገለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያው ዓመት ሞግዚትነቱን ሰረዘ፤ በ1968 ግዛቱን ከናሚብ በረሃ ስም ተነሥቶ ናሚቢያ ብሎ ሰየመ። ፍርድ ቤቱም በ1971 በሰጠው የምክር አስተያየት የደቡብ አፍሪካ በዚያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚብ የናማዎች ቃል ነው። በዚህ ጊዜ ስም ማውጣቱ የተያዘን አገር ነጻ ለማውጣት አገልግሏል።

ናሚቢያ በመጋቢት 1990 ነጻ ስትወጣ በሕገ መንግሥቷ አንደኛ አንቀጽ ደቡባዊ ወሰኗ እስከ ኦሬንጅ ወንዝ መካከል ይደርሳል ብላ ጻፈች። ደቡብ አፍሪካ ግን የ1890ውን መስመር ትጠቅሳለች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 በካይሮ ያጸደቀው፣ መንግሥታት በነጻነት ዕለት የተረከቡትን ወሰን እንዲያከብሩ የሚጠይቀው ውሳኔም ለዚህ አቋም መደገፊያ ሆኖ ይቀርባል። ያ ውሳኔ የተጻፈው አዲሶቹ መንግሥታት በድንበር ምክንያት እንዳይዋጉ ነው፤ ዓላማውም የሚያስመሰግን ነው። እዚህ ግን ያስከተለው ውጤት አንድ አገር በወንዝ ዳር ሆኖ ወንዝ የሌለው እንዲሆን ነው። ክርክሩ የመጠጥና የመስኖ ውሃን፣ በወንዙ አልጋ ያለውን ማዕድን፣ ወንዙ ከሚያልቅበት ወደ ባሕር የሚቀጥለውን ወሰን ሁሉ ይነካል።

አልማዙና ፍርዱ

የማዕድኑ ነገር ቀላል አይደለም። በ1867 በደቡብ አፍሪካ የታወቀው የመጀመሪያው አልማዝ በወንዙ አጠገብ በሆፕታውን ተገኘ። ወንዙ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ከመካከለኛው ምድር አልማዝ እየጠረገ ወደ ባሕሩ አውርዷል። በ1920ዎቹ አጋማሽ በደቡባዊው መድረሻ፣ ሪክተርስፌልድ በሚባለው አካባቢ አልማዝ ሲገኝ፣ መንግሥት መሬቱን ለማዕድን ሥራ ወሰደ፤ ከብት አርቢዎቹ ናማዎችም ከይዞታቸው ተገፉ። መከራከሪያው ይህ ምድር በ1847ቱ አዋጅ የዘውድ ንብረት ሆኗል የሚል ነበር።

የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በጥቅምት 2003 በሰጠው ፍርድ ይህን መከራከሪያ አልተቀበለውም። ማኅበረሰቡ በነባር ሕጉ መሠረት የመሬቱም የማዕድኑም ባለቤት እንደነበረ፣ ይህ መብት በአዋጁ እንዳልጠፋ፣ በኋላ የተነጠቀውም በዘር አድልዎ እንደሆነ ወሰነ። ለታሪክ ተማሪ የፍርዱ ትርጉም ትልቅ ነው። ካርታና አዋጅ የዳር ሰዎችን መብት በራሳቸው አይፍቁም ማለት ነውና። ባለቤትነቱም የተረጋገጠው ሰዎቹ በመሬቱ እንዴት ይገለገሉ እንደነበር፣ እንግዳ በምን ሥርዓት ይገባ እንደነበር በሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ግድቦቹ

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። በ1971 በወንዙ ላይ ተሠርቶ የተጠናቀቀውና በደቡብ አፍሪካ ትልቁ የሆነው ግድብ ከ5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይይዛል። በመጀመሪያ የተሰየመው የአፓርታይድ ዋነኛ ቀያሽ በነበረው በጠቅላይ ሚኒስትር ሄንድሪክ ፈርቩርት ስም ነበር። በ1996 ጋሪፕ ተባለ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነባሩ ስም በይፋ ወደ ካርታው ተመለሰ። በወንዙ ዳር ያለ አንድ የማዘጋጃ አስተዳደርም ካይ ጋሪብ፣ ማለትም ታላቁ ወንዝ፣ ተብሎ የተሰየመ ሲሆን በጽሑፍ ጊዜ የምላሱን ድምፅ ምልክት ሳይቀር ይዟል።

ይህን መልካም ለውጥ አላቃልለውም። ነገር ግን የግድቡ ስም በተለወጠ ዕለት የአንድም ማሳ የውሃ ድርሻ አልተለወጠም። የናማዎች ቋንቋ በናሚቢያ በሰፊው ቢነገርም፣ በደቡብ አፍሪካ በኩል የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከትውልዶች በፊት ወደ አፍሪካንስ ዞረዋል። ስሙ በሰሌዳ ላይ የተጻፈው ስሙን አስተካክለው የሚጠሩት ሰዎች ከሳሱ በኋላ ነው።

በምንጩ በኩል ደግሞ በጥቅምት 1986 ሌሶቶና ደቡብ አፍሪካ የሌሶቶ ደጋ ውሃ ፕሮጀክት ውልን ተፈራረሙ። ጊዜውን ልብ በሉ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ደቡብ አፍሪካ የሌሶቶን ድንበር ዘግታ ነበር፤ በዚያው ወር በማሴሩ መፈንቅለ መንግሥት ተደርጎ ጄኔራል ሌካንያ ሥልጣን ያዙ። ውሉን የፈረሙት አንዱ ወታደራዊ፣ ሌላው የአፓርታይድ መንግሥት ናቸው። በውሉ መሠረት 185 ሜትር ከፍታ ያለው የካትሴ ግድብ ተሠራ፤ ቀጥሎም የሞሃሌ ግድብ ተከተለ። ውሃው ተራራ በሚበሱ ዋሻዎች ተላልፎ ወደ ቫል ተፋሰስ ይገባል፤ የጆሃንስበርግንና የአካባቢውን ከተሞችና ኢንዱስትሪ ያገለግላል። ለሌሶቶ የውሃ ክፍያና የኤሌክትሪክ ኃይል ተገኝቶላታል፤ ክፍያውም ለመንግሥቱ ዋና ከሆኑት ገቢዎች አንዱ ነው። በሸለቆዎቹ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ግን እርሻቸው፣ የግጦሽ መሬታቸውና የቀድሞ መቃብሮቻቸው በውሃ ተሸፍነዋል። በመስከረም 1998 በሌሶቶ የፖለቲካ ቀውስ ሲነሣ ድንበር ተሻግረው የገቡት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች የካትሴን ግድብ ለመያዝ ተዋግተዋል፤ በዚያም የሌሶቶ ወታደሮች ተገድለዋል። በ1869 ተራራው ብቻ የቀረለት ሕዝብ ከመቶ ዓመት በኋላ ያ ተራራ ከለሙ መሬት ይልቅ የሚፈለግ ሆኖ አገኘው። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ 40 በመቶ ትርጉሙ ይህ ነው።

መደምደሚያ

በ2000 አራቱ የተፋሰሱ አገሮች በዊንድሁክ ተፈራርመው የጋራ የወንዝ ኮሚሽን አቋቋሙ። ስሙን የኦሬንጅ-ሴንቁ ወንዝ ኮሚሽን አሉት። በአንድ ሰነድ ላይ የምንጩና የመድረሻው ስሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማየት ደስ ያሰኛል፤ የላይኛው አገርና የታችኛው አገር በእኩልነት እንነጋገራለን ማለት ነውና። ይሁን እንጂ የጎደለውንም ስም እንይ። ጋሪብ የለም። ኮሚሽኑ የመንግሥታት ነው፤ ሴንቁ የሚለውን የሚወክል መንግሥት አለ፤ ኦሬንጅ የሚለውን የወረሱ መንግሥታትም አሉ። ጋሪብ ያሉት ሕዝቦች ግን በሁለት አገሮች ተከፍለው በሁለቱም ውስጥ አናሳ ናቸው። በስሙ ያልገቡበት ጉባኤ ስለ ድርሻቸው ሲወስን ማን እንደሚናገርላቸው መጠየቅ ተገቢ ነው። የሪክተርስፌልድ ፍርድ ያስተማረን ይህ ጥያቄ በሕግ ፊትም ክብደት እንዳለው ነው።

ተማሪዎቼ ለምርምራችሁ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ሦስት ጥያቄዎችን ነው። አንድ የቦታ ስም ስታገኙ፣ ሰያሚው የት ቆሞ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ቀድሞ የነበረው ስም ተተረጐመ፣ ተዛባ ወይስ ተጣለ ብላችሁ ጠይቁ። ከስሙ በኋላ ምን ወረቀት ተከተለ፣ የድንበር ውል ነው፣ የማዕድን ፈቃድ ነው፣ ወይስ የውሃ ስምምነት ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ጂኦግራፊ፣ ሁለተኛው ወደ ቋንቋ፣ ሦስተኛው ወደ መዛግብት ቤት ይወስዳችኋል። በሦስተኛው ላይ ብዙ ጊዜ እንድታጠፉ እመክራለሁ፤ የዚህ ወንዝ ሰዎች ያጡትም፣ በኋላ በከፊል ያስመለሱትም በወረቀት ነውና።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።